ስምህን ጣልልኝ፦ ዘፋኝን ስሎ ስለ ማስፈረም

ዘፋኙ መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝቡ ስልኩን ሽቅብ ሲያነሣ፣ ከመሀል አንድ ሰው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቀና ጎንበስ እያለ በእርሳስ ሲሞነጫጭር ካያችሁ፣ ያ ሰው ዛሬ የማስተዋውቃችሁን ሥራ የያዘ ነው። ዘፋኙን፣ ተዋናዩን ወይም ተወዛዋዡን ከነእንቅስቃሴው ይነድፋል። ዝግጅቱ ሲያበቃ ንድፉን ይዞ ይጠጋና “ይፈርሙልኝ” ይላል። ባለቤቱም ራሱን አይቶ፣ ስቆ ወይም ኮስተር ብሎ፣ ከሥዕሉ ግርጌ ስሙን ያሰፍራል። ሥራው ይኸው ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ከፎቶም ከተራ ፊርማም ግን ይለያል። ፎቶ ለማንሣት አንድ ቅጽበት ይበቃል፤ አንሺው ካነሣ በኋላ ፊቱን ወደ ጓደኛው አዙሮ ወሬውን መቀጠል ይችላል። የሚስል ሰው ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ ዓይኑን ከሰውየው ላይ ማንሣት አይሆንለትም። ትከሻው የቱ ዝቅ እንደሚል፣ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አንገቱ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ግጥሙ ሲጠፋበት የት እንደሚመለከት ሁሉ ያያል። ብጫቂ ወረቀት ላይ የተገኘ ፊርማ ደግሞ ሰውየው በዚያ ማለፉን ከመንገር በቀር ሌላ አይናገርም። የተፈረመበት ንድፍ ላይ ግን የሁለት ሰው እጅ አለ። አንዱ ያየውን አስቀምጧል፣ ሌላው “አዎ፣ እኔ ነኝ” ብሎ መስክሯል።

በኒው ዮርክ አል ሂርሽፌልድ የሚባል ሠዓሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 ተወልዶ በ2003 መቶ ዓመት ሊሞላው ወራት ሲቀሩት እስኪያርፍ ድረስ የቲያትር ሰዎችን ሲስል ኖሯል። ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ሥዕሉ መውጣቱ ለአንድ ተዋናይ እንደ ሹመት ይቆጠር ነበር። ቲያትር ቤት ውስጥ መብራት የሚበራው መድረኩ ላይ ብቻ ነው፤ ታዳሚው ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ሂርሽፌልድ ታዲያ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ወረቀቱን ሳያይ፣ በጣቱ ስሜት ብቻ መንደፍን ተለማመደ። ዓይኑ ከመድረኩ አይነቀልም፤ እጁ ኪሱ ውስጥ ይሠራል። ቤቱ ሲገባ ያንን ውል የለሽ የመሰለ መስመር ዘርግቶ በቀለም ያጠራዋል። እ.ኤ.አ. በ1945 ሴት ልጁ ኒና ከተወለደች ጀምሮም ስሟን በሥዕሎቹ ፀጉርና የልብስ እጥፋት ውስጥ እየደበቀ ይጽፍ ነበር፤ ስንት ቦታ እንደደበቀውም ከገዛ ፊርማው አጠገብ በቁጥር ያስቀምጥ ነበር። አንባቢው ሁሉ በየሳምንቱ የልጅቱን ስም ፍለጋ ሥዕሉን ይመረምራል፤ እግረ መንገዱንም የተዋናዩን መልክ ልቅም አድርጎ ያጠናል።

በዚያው ከተማ ሳርዲስ የሚባል ምግብ ቤት አለ። ቲያትር ቤቶቹ በተሰለፉበት መንደር፣ አሁን ወዳለበት ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ባለቤቱ ቪንሰንት ሳርዲ ከሩሲያ ስደተኛው ሠዓሊ ከአሌክስ ጋርድ ጋር ውል ተዋዋለ። ጋርድ ወደ ቤቱ የሚመጡትን የመድረክ ሰዎች ይስላል፤ ክፍያው በየዕለቱ የሚበላው ምግብ ነው። ውሉ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተጽፏል፦ ባለቤቱ ሥዕሉን አይተችም፣ ሠዓሊው ምግቡን አይተችም። ጋርድ እ.ኤ.አ. በ1948 እስኪሞት ድረስ ከ700 በላይ ሰዎችን ሳለ። ከሱ በኋላም ሌሎች ሠዓሊዎች ተተኩ፤ ግድግዳው ዛሬም የተሣሉና የፈረሙ ሰዎች ፊት ነው። ጋርድ አፍንጫ ማስረዘም፣ አገጭ ማሾል ይወድ ስለነበር ከተሣሉት መካከል የተቆጡም ነበሩ። ቢሆንም ይፈርሙ ነበር፤ በዚያ ግድግዳ ላይ መሰቀል ራሱ የሙያ ማረጋገጫ ሆኖ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1979 ከሥዕሎቹ የተወሰኑት ለኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የቲያትር ክፍል ተሰጡ። ለምሳ ዋጋ የተሣለ ወረቀት የአገር ታሪክ ሰነድ ሆነ ማለት ነው።

ጀርመናዊው ኤሚል ሽቱምፕ ደግሞ ተዋንያንን፣ ሙዚቀኞችን፣ ደራስያንንና የመንግሥት ሰዎችን ፊት ለፊት አስቀምጦ እየሳለ ራሳቸውን ያስፈርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 የሳለው የሂትለር ምስል በአንድ የዶርትሙንድ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ናዚዎች ተሰደብን ብለው ጋዜጣውን ወረሱት፤ ሠዓሊውንም እንዳይሠራ ከለከሉት። በ1941 እስር ላይ እንዳለ ሞተ። እርሳስና ወረቀት ብቻ የያዘ ሰው ያን ያህል የሚፈራው፣ የተሣለው ሰው ራሱን ሊያይ በሚፈልገው መልክና ሌላው በሚያየው መልክ መካከል ያለውን ርቀት ስለሚያሳይ ነው። የሚስል ሰው የባለቤቱን ፊርማ ሲጠይቅ ይህንን ርቀት አብረን እንቀበል ማለቱ ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ ጎንደር ለመናገር ነው። የጎንደር ሥዕል ከጥንትም ስም የሚጽፍ ሥዕል ነው። አብያተ ክርስቲያናቱን ዞሮ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከቅዱሱ ራስ በላይ ወይም ጎን ማን እንደሆነ ተጽፏል። ሥዕሉን ያሠራው መኰንንም በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ፣ ከነስሙ ይሣላል። እቴጌ ምንትዋብ በጣና ደሴት፣ ደቅ ላይ ባሠራችው ናርጋ ሥላሴ ውስጥ እንዲህ ተደፍታ ተሥላለች፤ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ሊጠጋ ነው፣ ዛሬም ማን እንደሆነች የሚጠራጠር የለም። የግብር ሥዕሎችንም ተመልከቱ። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ነው፤ ራሶቹና ደጃዝማቾቹ በየማዕረጋቸው ተቀምጠዋል፤ በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ ከያንዳንዱ ራስ በላይ ስሙ አለ። ከጥግ ማሲንቆውን ይዞ የቆመውን ሰው ግን ስሙን የሚነግራችሁ የለም። “አዝማሪ” ነው፣ በቃ።

ፋሲል ግቢ ውስጥ አስጎብኚዎች የዘፈን አዳራሽ የሚሉት ሕንፃ አለ። ያሠራው እ.ኤ.አ. ከ1716 እስከ 1721 የነገሠው ሣልሳዊ ዳዊት ነው፤ ዘፈን ወዳድነቱ መጠሪያው ሆኖ ቀርቷል። ለዘፈን ሲል ቤት ያሠራ ንጉሥ! ግድግዳው ዛሬም አለ፤ የንጉሡ ስም አለ። በዚያ አዳራሽ ያዜሙት፣ ማሲንቆና በገና የመቱት ሰዎች የት ሄዱ? አንዳቸውንም በስም አናውቅም። ይህ ያንገበግበኛል።

የውጭ ሰዎች እርሳስ ይዘው ወደ ጎንደር የመጡት ቆየት ባለ ዘመን ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሲገባ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ አብሮት ነበር፤ ባሉጋኒ በ1771 እዚሁ ጎንደር ሞቷል። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ወይዘሮ አስቴርንና ጥቂት መኳንንትን ከነስማቸው በሥዕል አውጥቷል። የአገሩን የዜማ መሣሪያዎችም መዝግቦ ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ለቻርልስ በርኒ በደብዳቤ አስረድቷል። መሣሪያው ተጻፈ፣ የሚመታው ሰው አልተጻፈም።

ብሩስ ጎንደር ከገባ ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1932፣ ማርሴል ግሪዮል የመራው የፈረንሳዮች የዳካር–ጂቡቲ የጥናት ቡድን ጎንደር ወራት ተቀመጠ። ጋስቶን ልዊ ሩ የሚባል ሠዓሊ መጥቶ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በሸራ ላይ ገለበጠ፤ ግልባጩ ተለጠፈና ዋናው፣ ወደ 60 ካሬ ሜትር የሚሆን ሥዕል፣ ተነቅሎ ፓሪስ ሄደ። ዛሬም እዚያው በኬ ብራንሊ ሙዚየም አለ። በዚያው ሰሞን ከቡድኑ አንዱ የሆነው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ከተርጓሚው ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር የዛር ቤት እየገባ፣ መልካም አየሁ ከምትባል የዛር ባለቤት ዘንድ ተቀምጦ የምትለውን፣ የምታዜመውን፣ የምትለብሰውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። በ1958 ባሳተመው መጽሐፉ የጎንደርን ዛር እንደ ቲያትር አድርጎ ሲመረምረው ዋናዋ ተዋናይ እሷ ናት።

የሥዕሎቹ መነቀል የሚቆጭ ነው፣ መመለስ አለባቸው ብዬም አምናለሁ። ነገር ግን የመልካም አየሁ ነገር ሌላ ያሳስበኛል። በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ ስንት ድምፀ መረዋ፣ ስንት ባለ ቅኔ አዝማሪ ነበረ! የእሷ ስም የተረፈው አንድ ሰው ደብተር ይዞ አጠገቧ ስለተቀመጠ ብቻ ነው።

አምስት ዓመት ሳይሞላ የባሰ መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ የፋሺስቱ አስተዳደር ጠንቋዮችን፣ ዘዋሪ ተራኪዎችንና አዝማሪዎችን ወሬ ይነዛሉ፣ ሕዝብ ያነሣሣሉ ብሎ እየለቀመ እንዲረሽን አዘዘ። አዝማሪ ከወታደር እኩል ተፈርቶ ተገደለ። የተገደሉት እነማን ነበሩ? መልካቸው ምን ይመስል ነበር? የማን ልጆች ነበሩ? ጠላት ያን ያህል የፈራቸውን ሰዎች እኛ በመልክም በስምም አልያዝናቸውም።

ስለዚህ ዘፋኝን ስሎ ማስፈረም በኒው ዮርክ የአድናቂ ጨዋታ ከሆነ፣ በጎንደር ያለበት ዕዳ ከዚያ ይከብዳል። ስመ ጥሩዎቹስ ግድ የለም። ጎንደር ያፈራችው ማዲንጎ አፈወርቅ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ድንገት ሲያርፍ አድናቂው የሚያየው ምስል፣ የሚሰማው ድምፅ ሞልቶለት ነበር። የሚጠፋው ስሙ ከወረዳው ያልተሻገረው ነው፤ በወገራ ሠርግ ሦስት ትውልድ ያጫወተው ሰውዬ፣ በቡርቧክስ ማሲንቆ ከአባቱ ተቀብሎ ለልጁ የሚያወርሰው። ቡርቧክስ ጎንደር አጠገብ ያለ የአዝማሪዎች መንደር ነው፤ ልጁ ከአባቱ ኋላ እየሄደ ይማራል፣ በመካከላቸውም ሌላው የማይሰማው የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ከዚያ መንደር የወጡ ማሲንቆዎች አዲስ አበባ ድረስ የምሽት ቤቶችን ሞልተዋል።

አሁን ወደ አሣሣሉ ልግባ።

በአዝማሪ ቤት መሳል በቲያትር ቤት እንደመሳል አይደለም። ቲያትር ቤት ውስጥ ተዋናዩ አያያችሁም። አዝማሪ ቤት ግን ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መብራቱ ቀይ ወይም ደብዛዛ ነው፤ ባለ ማሲንቆው ከእንግዳ እንግዳ እየዞረ፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ስም እየጠየቀ ያወድሳል፣ ይሸነቁጣል። እርሳስ ይዛችሁ ስትሞነጫጭሩ አንድ ግጥም ሳይጨርስ ያውቅባችኋል፤ ወዲያው እናንተው ግጥም ትሆናላችሁ። የሂርሽፌልድ ኪስ እዚህ አያዋጣም። ስለዚህ ከመጀመሪያው በግልጽ መሆን ይበጃል፤ ስትገቡ ሰላም በሉት፣ “ጋሼ፣ ሲጫወቱ ልስልዎት?” በሉት። እምቢ ያለ አላጋጠመኝም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ “አሳምረህ ሳለኝ!” ብለው ቤቱን ያስቁበታል።

መነሻው ፊቱ አይደለም። ፊት ይለዋወጣል፤ ማሲንቆው ግን ቦታውን ብዙ አይለቅም። ማሲንቆ ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን ነው፤ የፍየል ቆዳ የተወጠረበት፣ ከሣጥኑ ሽቅብ የወጣ አንገት ያለው፣ ክሩ ከፈረስ ጭራ የተሠራ። አንገቱ ወደ ግራ ትከሻ ያዘነብላል፤ ደጋኑ ደግሞ አግድም ይመጣል። እነዚህን ሁለት መስመሮች አስቀድማችሁ ስትጥሉ የሰውየው አቋም በሙሉ ተገኘ። ራሱ ከማሲንቆው አንገት በምን ያህል ርቆ እንዳለ፣ ክርኑ ከደጋኑ ጋር ምን ማዕዘን እንደሚሠራ ከነሱ ተነሥታችሁ ትለካላችሁ። የግራ እጁን ጣቶች ተመልከቱ። ክሩን ከጎን ይነኩታል እንጂ እስከ እንጨቱ ድረስ አይጫኑትም፤ ጣቶቹ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። ጊታር እንደያዘ ሰው ጣቶቹን እንጨት ላይ አጣብቆ የሳለ ሠዓሊ ማሲንቆ አጠገብ ቁጭ ብሎ አያውቅም፤ ባለ ማሲንቆውም ገና ሲያየው ይነቅበታል።

እስክስታ የባሰ ያስቸግራል። የትከሻው ንዝረት ከእጅ ይፈጥናል። ትከሻውን ልያዝ ያለ ሰው ወረቀቱን ከማጨማለቅ በቀር አያተርፍም። የሚሻለው ሰውነቱ የማይንቀሳቀስበትን ቦታ መፈለግ ነው። በጎንደር እስክስታ ወገብ ጸጥ ይላል፣ ዓይን አንድ ቦታ ይተክላል፤ ትከሻና አንገት ነው የሚሠራው። ወገቡንና ዓይኑን በጠንካራ መስመር አስቀምጣችሁ፣ ትከሻ ላይ ሦስት አራት ስስ መስመር ደራርባችሁ ብትተዉት የሚያይ ሰው ራሱ ያንቀሳቅሰዋል። የነጠላው ጥለት ወዴት እንደተወረወረም ያዙ፤ ምቱ ያለው እሱ ላይ ነው።

ከውጭ የመጣ ሠዓሊ የማያስበው ሌላ ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ሁልጊዜ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ በአንድ ጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ የሚሣለው ዲያብሎስ፣ ሰቃይና ከሓዲ ነው። ይህንን እያዩ ያደጉ ሰዎች ናቸው የሚፈርሙላችሁ። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ደግሞ አንገቱን ወደ ትከሻው ስለሚሰብር ከጎን መሳሉ በጣም ይቀላል። ነገር ግን ጎኑን ብቻ ስላችሁ ለአንድ ሽማግሌ አዝማሪ ስታቀርቡለት ዝም ብሎ ቆይቶ “ሌላው ዓይኔስ?” ሊላችሁ ይችላል። ስለዚህ እኔ ጥቂት ዞር አድርጌ ሁለቱንም ዓይን አስገባለሁ፤ መስመሩ ይከብዳል፣ ሰውየው ግን ደስ ብሎት ይፈርማል። የጋርድን ዓይነት አፍንጫ ማስረዘምም እዚህ አገር በጥንቃቄ ነው፤ የከተማ ተዋናይ ይስቅበታል፣ የገጠር አዝማሪ ግን ተዘባበቱብኝ ብሎ ሊያዝን ይችላል።

ፊርማው በግጥም ሲጠየቅ ያምራል። አዝማሪ ቤት ግጥም የአዝማሪው ብቻ አይደለም፤ እንግዳው “ተቀበል!” ብሎ የራሱን ስንኝ ይሰጣል፣ ባለ ማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመዋል። አንድ ምሽት ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ቤት ንድፌን ጨርሼ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አዙሬ አሳየሁና እንዲህ አልኩ፦

ተቀበል!
እርሳስማ ይጠፋል ላጲስ ሲመጣበት፣
ስምህን ጣልልኝ ዕድሜ እንዳያልቅበት።

ጎልማሳ ነበር፤ በወሬ ጊዜ “እርስዎ” ስለው የቆየሁትን ሰው ግጥም “አንተ” ለማለት ያስችላል። ሁለቱን ስንኝ ደጋግሞ አዜማቸው፤ ከዚያ ደጋኑን በብብቱ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። እስክርቢቶውን ተቀበለ፤ ንድፉ ላይ ግን ቶሎ አልፈረመም። ወረቀቱን አቀረበው፣ አራቀው፤ በአውራ ጣቱ ጥፍር የማሲንቆውን ጆሮ አሳየኝ። ክሩ የሚጠመጠምበትን እንጨት ያለ ቦታው ነበር ያደረግሁት። አስተካከልኩ። ደግሞ አየ። ከዚያ የአባቱን ስም ጨምሮ፣ ፊደሉን እያንዳንዱን ለይቶ፣ እንደ ተማሪ ደብተር ጥርት አድርጎ ጻፈ። የፊርማ ጥምዝምዝ የለበትም፤ ሙሉ ስም ነው። ለኔ ከማንኛውም ጥምዝ ይበልጥብኛል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያገኘው ሰው ማንበብ ይችላልና።

ሁሉም ግን መጻፍ አይችልም። ከደጋው የሚመጡ ሽማግሌዎች “ልጄ፣ እኔ ፊደል አላውቅም” ሲሉ ሠዓሊው እንዳያፍሩ መርዳት አለበት። ስማቸውን ከነአባታቸውና ከነመንደራቸው ራሱ ይጽፋል፤ እሳቸው አውራ ጣታቸውን ያሳርፉበታል። የማኅተም ቀለም ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በትንሽ ዋጋ ይገኛል፤ መያዝ ነው። ደብዳቤ በፊርማ ሳይሆን በማኅተም ይጸና በነበረበት አገር አሻራ ከፊርማ አያንስም።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ለስላሳ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ከደብተር ወረቀት ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት፣ ከሥሩ የሚደገፍ ካርቶን። ከሰል ያምራል፣ ግን በእጅ ይለቃል፤ ሰው ሲፈርም መዳፉን እንደሚያሳርፍበት አትርሱ። ከግርጌ ሦስት አራት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ተዉ፤ ካልተዋችሁ ፊርማው ደረት ላይ ወይም አገጭ ላይ ያርፋል። እርሳስ ለፊርማ አትስጡ፣ ይጠፋል። ወፍራም ማርከርም ወረቀቱን አልፎ ይሰርጋል። ጥቁር እስክርቢቶ ይበቃል፤ ግን ፀሐይ ያደበዝዘዋልና መስኮት ፊት አይሰቀልም። በክረምት የጎንደር ቤት እርጥበት ይይዛል፤ ወረቀቱ እንዳይሻግት ከግድግዳ ራቅ ተደርጎ፣ በመካከሉ ንጹሕ ወረቀት ተደርጎበት ጠፍጣፋ ይቀመጥ። ላስቲክ ማስለበስ ትልቅ ጥፋት ነው፤ አንዴ ከተጣበቀ ሥዕሉን ይዞት ይበላሻል።

ዳባትና ደባርቅ ላይ፣ በጥር ሠርግ ወቅት፣ የዳሱ ብርሃን ቆንጆ ነው። ብርዱ ግን ጣት ያደርቃል፣ እስክርቢቶም አልወርድ ይላል። እዚያ እስክርቢቶ ከጋቢ ሥር፣ በብብት ይያዛል። ሠርጉ ላይ አዝማሪው ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚቆም ደጋግሞ ለመሳል ይመቻል፤ መጀመሪያ ሲታይ የማይያዘው ሰው እየዋለ የራሱን መልክ ያሳያል።

የማይሣሉም አሉ። በንጋት ከደጅ ቆመው የሚያዜሙ ላሊበላዎች፣ ካላዜምን ደዌ ያገኘናል ብለው የሚያምኑ፣ ፊታቸውን ሸፍነው የሚመጡ ናቸው። ፊቱን የሸፈነን ሰው መሳል ነውር ነው፤ ድምፁን ሰምቶ የድርሻውን ሰጥቶ መሸኘት ይበቃል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ዘፋኝ አይደሉም። ጎንደር በአታ የአቋቋም ምስክር ቤት ናት፤ ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ ለሠዓሊ ዓይን የሚያስጎመጅ ነው። በጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ መሳል የሚከለክል የለም። ግን አንድን መሪጌታ ከማኅሌት ሲወጡ ጠብቆ “ይፈርሙልኝ” ማለት ያዜሙትን ወደ ራሳቸው ክብር ማዞር ይሆናል። እኔ አላደርገውም።

ክፍያን በተመለከተ፣ ሥርዓቱ ያለ ነው፤ አዝማሪ ይሸለማል። ከማስፈረማችሁ በፊት ሸልሙ። ፊርማውን ካገኛችሁ በኋላ ከሆነ የፊርማ ዋጋ ይመስላል። የሚሻለው ደግሞ ሁለት ንድፍ ሠርቶ አንዱን ለተሣለው ሰው መተው ነው። ቤቱ ይሰቅለዋል፣ ልጁ ያየዋል። የናንተን ንድፍ ጀርባውን አዙሩና ቀኑን፣ ቦታውን፣ ለምን ዝግጅት እንደነበረ፣ ማሲንቆውን ማን እንዳስተማረው ጻፉበት። ፊቱ ላይ ያለው ለዓይን ነው፤ ለነገ ታሪክ ጸሐፊ የሚጠቅመው ጀርባው ነው።

ስለ ሴቶቹም ልናገር። በአዝማሪ ቤት ብዙ ጊዜ ማሲንቆ የሚመታው ወንዱ ነው፤ ከጎኑ የምታዜመው፣ ከበሮ የምትመታው፣ እስክስታውን የምትወርደው ሴቲቱ ናት፤ ሚስቱም እህቱም ትሆናለች። ሠዓሊው ማሲንቆውን ስለሚወድ እሷን ከኋላ በጥቂት መስመር ያልፋታል፣ ሲያስፈርምም ወረቀቱን ለወንዱ ይሰጣል። እኔ ያሉኝን ንድፎች አንድ ቀን አውጥቼ ስዘረጋ የወንዶቹ ስም በዝቶ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን መጀመሪያ የማቀርበው ለሴቲቱ ነው። አንዳንዷ “እኔን ምን ያደርግልሃል፣ ለሱ ስጠው” ትላለች። ጥቂት ከለመንኳት በኋላ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ትቀበላለች፤ ስሟን ትጽፋለች፣ ከዚያ ወረቀቱን ለባሏ ታሳልፈዋለች፣ እሱም ከሥሯ ይፈርማል።